ከሞኖሊት ወደ ማይክሮሰርቪስ የሚደረግ የዳታ ሬፕሊኬሽን ሽግግር

ከሞኖሊት ወደ ማይክሮሰርቪስ የሚደረግ የዳታ ሬፕሊኬሽን ሽግግር አንድ ድርጅት በአንድ ትልቅ ፕሮግራምና በአንድ ዳታቤዝ ይሠራበት የነበረውን ሥርዓት ወደ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሲከፋፍል፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚገለበጥና ቅጂዎቹ እንዴት እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚወስን ሥራ ነው። ሽግግሩ ብዙውን ጊዜ የፕሮግራም አጻጻፍ ለውጥ ተደርጎ ቢታይም ከባዱ ክፍል ዳታው ነው። ኮዱን ከፋፍሎ እንደገና መጻፍ ይቻላል፤ የአንድ ደንበኛ ቀሪ ሂሳብ በሁለት ቦታ ተቀምጦ በሁለቱም ትክክል ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን የሚያስረዳው በተለይ ዋና ሰርቨራቸው አዲስ አበባ ሆኖ ቅርንጫፎቻቸው እንደ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚገኙ ተቋማት በሚስማሙ ምሳሌዎች ነው።

መሠረታዊ ሐሳቦች

ሞኖሊት ማለት የድርጅቱ ሥራዎች በሙሉ፣ ለምሳሌ የደንበኛ ምዝገባ፣ ሂሳብ፣ ብድርና ሪፖርት፣ በአንድ ላይ ተጽፈው፣ በአንድ ላይ የሚጫኑበትና አንድ ዳታቤዝ የሚጋሩበት አሠራር ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው 500 ብር ቢያዛውር፣ መቀነሱና መጨመሩ በአንድ ትራንዛክሽን ይፈጸማሉ፤ ወይ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ጉዳቱ ደግሞ አንድ ክፍል ሲበላሽ ወይም ሲታደስ ሌላውም አብሮ ሊቆም መቻሉ ነው።

ማይክሮሰርቪስ እነዚህን ሥራዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚጫኑ፣ የራሳቸው ዳታቤዝ ያላቸውና በኔትወርክ የሚነጋገሩ ፕሮግራሞች ያደርጋቸዋል። ዋናው ደንቡ አንዱ ሰርቪስ የሌላውን ዳታቤዝ በቀጥታ አይነካም የሚል ነው። የደንበኛ ስልክ ቁጥር የሚለወጠው በደንበኛ ሰርቪስ በኩል ብቻ ነው፤ የብድር ሰርቪስ ቁጥሩን ከፈለገ ይጠይቃል ወይም ቅጂ ይይዛል።

ዳታ ሬፕሊኬሽን ያንኑ ዳታ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ማስቀመጥና ቅጂዎቹን ማደስ ነው። በሞኖሊት ዘመን ሬፕሊኬሽን በአብዛኛው የመጠባበቂያ ጉዳይ ነበር፤ ዋናው ሰርቨር ቢወድቅ ሁለተኛው ይተካዋል፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይይዛሉ። በማይክሮሰርቪስ ግን ቅጂው የሥራው አካል ይሆናል፤ ቅርጹም እንደ ሰርቪሱ ፍላጎት ይለያያል።

ታሪክ

የኢትዮጵያ ባንኮች ተሞክሮ ጉዳዩን ለመረዳት ጥሩ መነሻ ነው። ኮር ባንኪንግ የሚባለው ማዕከላዊ ሶፍትዌር ከመስፋፋቱ በፊት ደንበኛው ገንዘብ የሚያወጣው የቁጠባ ደብተሩን በከፈተበት ቅርንጫፍ ነበር። የአዳማ ቅርንጫፍ መዝገብ አዳማ፣ የሻሸመኔው ሻሸመኔ ይቀመጥ ነበር። በቅርንጫፎች መካከል የተላለፈ ገንዘብ በኋላ በወረቀት እየተመሳከረ ይታረቅ ነበር። ኮር ባንኪንግ እነዚህን መዝገቦች ወደ አንድ ማዕከል ሰበሰባቸው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚጠቀምበት ቲ24 የተባለው የቴሜኖስ ኩባንያ ሶፍትዌር ከዚህ ዓይነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ደንበኛው በየትኛውም ከተማ መገልገል ቻለ፤ በምትኩም ከማዕከሉ ጋር የሚያገናኘው መስመር ሲቋረጥ በመስኮቱ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» ሆነ።

ወደ ማይክሮሰርቪስ መሄድ ከዚህ አንጻር ሲታይ መዝገቡን እንደገና መበተን ነው። የሚበተነው በከተማ ሳይሆን በሥራ ዓይነት ቢሆንም፣ ማዕከሉ ያስቀረው የማስታረቅ ሥራ ተመልሶ ይመጣል። ልዩነቱ በወረቀትና በሌሊት ሥራ ፋንታ በፕሮግራም መሠራቱ ነው።

በዓለም ደረጃ በብዛት ከሚጠቀሱት ሽግግሮች አንዱ የኔትፍሊክስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ዳታቤዙ ተበላሽቶ ለሦስት ቀናት ዲቪዲ ለደንበኞቹ መላክ አልቻለም ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራውን ቀስ በቀስ ከፋፍሎ ወደ ክላውድ ማዛወር ጀመረ፤ ያጠናቀቀውም እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ነው። «ማይክሮሰርቪስ» የሚለው ስያሜ በሰፊው የታወቀው ጄምስ ልዊስና ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው።

የቅጂ መብዛት አደጋ ግን ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር። ጂም ግሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ጥናት፣ ማንኛውም ቅጂ በማንኛውም ጊዜ እንዲለወጥ ከተፈቀደ የኮምፒውተሮቹ ቁጥር በ10 እጥፍ ሲጨምር የእርስ በርስ መቆላለፉ በ1,000 እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል አሳይተዋል። «እያንዳንዱ ዳታ አንድ ባለቤት ይኑረው» የሚለው የማይክሮሰርቪስ ደንብ ይህንኑ አደጋ ይቀንሳል።

ቅጂ ለምን ያስፈልጋል?

ዳታው አንድ ባለቤት ካለው ሌሎቹ ሰርቪሶች በፈለጉት ጊዜ ሁሉ ባለቤቱን ለምን አይጠይቁም የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ሰርቪስ ከጊዜው 99.9 በመቶ ይሠራል እንበል። ይህ በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል መቆም ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ለመመለስ አምስት እንዲህ ያሉ ሰርቪሶች በአንድ ጊዜ መሥራት ካለባቸው፣ አምስቱም አብረው የሚገኙበት ጊዜ ወደ 99.5 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም በወር ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ መቆም ነው። ስለዚህ ሰርቪሱ አዘውትሮ የሚያነበውን ዳታ ቅጂ በራሱ ዘንድ ቢይዝ፣ ባለቤቱ ለጊዜው ባይገኝም ሥራውን ይቀጥላል።

የዚህ ዋጋው መዘግየት ነው። ቅጂው ከዋናው በሰከንድ ክፋይ፣ አንዳንዴም በሰዓታት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ለውጥ ካቆመ ቅጂዎቹ ውሎ አድሮ አንድ ይሆናሉ የሚለው አሠራር «የዘገየ ወጥነት» ሊባል ይችላል። የሽግግሩ ዋና ጥያቄም የትኛው ዳታ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፣ የትኛውስ ፈጽሞ መዘግየት የለበትም የሚለው ነው። የቅርንጫፍ አድራሻ ለአንድ ቀን ቢዘገይ ችግሩ ትንሽ ነው፤ የተዘጋ የኤቲኤም ካርድ መረጃ ግን ለአንድ ሰዓት ቢዘገይ ገንዘብ ሊያስወጣ ይችላል።

የማባዛት ዘዴዎች

ድርብ መጻፍ። ፕሮግራሙ ለውጡን በአሮጌውም በአዲሱም ዳታቤዝ ራሱ ይጽፋል። ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጀማሪዎች ይመርጡታል። ነገር ግን የመጀመሪያው ጽሑፍ ተሳክቶ ሁለተኛው ከመጻፉ በፊት ኃይል ቢቋረጥ ሁለቱ ዳታቤዞች ሳይታወቅ ይለያያሉ።

የለውጥ መዝገብ መከታተል። እንደ ፖስትግረስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኦራክል ያሉ ዳታቤዞች ማንኛውንም ለውጥ በቅደም ተከተል የሚጽፉበት የውስጥ መዝገብ አላቸው። ይህን መዝገብ የሚያነብ መሣሪያ ለውጦቹን ወደ ሌላ ቦታ ያስተላልፋል። የአሮጌውን ፕሮግራም ኮድ መንካት ስለማያስፈልግ ለሽግግር ተመራጭ ነው። ደቤዚየም የተባለው ነፃ ሶፍትዌርና የኦራክል ጎልደንጌት ይህን ይሠራሉ። የተነበቡት ለውጦች ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት በአፓቺ ካፍካ በኩል ነው። ካፍካ በሊንክዲን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመልእክት ማስተላለፊያ ሲሆን፣ ተቀባዩ ለጊዜው ቢጠፋም መልእክቱን እስከተወሰነለት ጊዜ ድረስ ያቆያል።

የወጪ ሣጥን። ሰርቪሱ ዳታውን ሲለውጥ በዚያው ትራንዛክሽን «ይህ ተለውጧል» የሚል መልእክት በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ሌላ ፕሮግራም መልእክቱን ከዚያ አንስቶ ይልካል። ለውጡና መልእክቱ አብረው ስለሚጻፉ አንዱ ያለሌላው አይቀርም።

በሁሉም ዘዴዎች መልእክት ሊደገም ይችላል። ላኪው መድረሱን ካላረጋገጠ ደግሞ ይልካልና። ስለዚህ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ መልእክት የተሰጠውን መለያ ቁጥር መዝግቦ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሊተወው ይገባል። አለበለዚያ 500 ብር ሁለት ጊዜ ይቀነሳል።

አንድ ሥራ በብዙ ሰርቪሶች ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሳጋ የሚባለው አሠራር ጥቅም ላይ ይውላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ሄክተር ጋርሲያ ሞሊናና ኬኔት ሳሌም ናቸው። ሥራው በደረጃ ይከፋፈላል፤ አንዱ ደረጃ ካልተሳካ ቀደም ብለው የተፈጸሙት በማካካሻ ሥራ ይመለሳሉ። ኤቲኤም ተጠቃሚዎች ይህን ያውቁታል፤ ማሽኑ ገንዘብ ሳይሰጥ ከሂሳብ ቢቀነስ፣ ገንዘቡ በኋላ ተመላሽ ተደርጎ ይገባል። መቀነሱ ከመዝገቡ አይፋቅም፤ በሌላ መዝገብ ይካካሳል።

የሽግግሩ ቅደም ተከተል

ሽግግሩን በአንድ ሌሊት ከማድረግ ይልቅ በደረጃ ማካሄድ ይመከራል። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን አካሄድ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ቀስ በቀስ በሚተካው የዋርካና የሾላ ዘመድ በሆነ ዛፍ ስም ሰይሞታል። የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

1. ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ባለቤት የሚሆነውን ሰርቪስ መወሰን። ሁለት ሰርቪሶች አንዱን ሠንጠረዥ «የእኔ ነው» ካሉ ክፍፍሉ እንደገና ይታያል።
2. አነስተኛ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለውን ክፍል መምረጥ። የኤስኤምኤስ ማሳወቂያ ወይም የቅርንጫፎች ዝርዝር ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ቀሪ ሂሳብ የመጨረሻው መሆን አለበት።
3. ያለውን ዳታ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መገልበጥ፤ ከዚያ መገልበጡ ከተጀመረበት ነጥብ ወዲህ ያሉትን ለውጦች ከለውጥ መዝገቡ ማስከተል።
4. አዲሱን ሰርቪስ ለንባብ ብቻ መጠቀምና መልሱን ከአሮጌው ጋር ማነጻጸር። የመዝገቦቹ ቁጥርና የገንዘቡ ድምር በየቀኑ መመሳከር አለበት።
5. ልዩነት መታየቱ ሲያቆም የመጻፉን ሥልጣን ወደ አዲሱ ማዛወር፤ የለውጡንም አቅጣጫ አዙሮ ከአዲሱ ወደ አሮጌው መላክ። ችግር ቢፈጠር መመለስ የሚቻለው ይህ ሲኖር ነው።
6. አሮጌውን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሪፖርት ወይም ፕሮግራም አለመቅረቱ ሲረጋገጥ መዝጋት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነጥብ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለምሳሌ በሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ላይ የሚሠራ ሪፖርት፣ በሌላው ወር ሲታይ የሌለ ይመስላል።

መስመር ሲቋረጥ

ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበውና ሴት ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በ2002 ያረጋገጡት የካፕ ቲዎረም እንደሚለው፣ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ሥርዓቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ መልስ መስጠት ያቆማል፣ ወይ ምናልባት ትክክል ያልሆነ መልስ ይሰጣል።

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ርቀቱ በራሱ ችግር አይደለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቀው ለሻሸመኔ እንኳ ደርሶ መልሱ 2.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ይወስዳል። የሚያስቸግረው በመንገድ ቁፋሮ የተቆረጠ ፋይበር፣ የመብራት መጥፋትና የኔትወርክ መዘጋት ነው። በኢትዮጵያ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ማስታወስ፣ መቋረጥ ሁልጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቁጠባ ተቋም በአዳማና በባቱ ቅርንጫፍ አለው እንበል። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ 5,000 ብር አለው። የባቱ መስመር ተቋርጦ ሳለ ከቅርንጫፉ 4,000 ብር ያወጣል፤ በዚያው ሰዓት አዳማ ያለው ወኪሉ ከዚሁ ሂሳብ 3,000 ብር ያወጣል። ሁለቱም ቅርንጫፎች በያዙት ቅጂ መሠረት ትክክል ሠርተዋል፤ መስመሩ ሲመለስ ግን ሂሳቡ 2,000 ብር ጎድሎ ይገኛል።

ለዚህ ሦስት መልስ አለ። የመጀመሪያው መስመር በሌለበት ገንዘብ አለመክፈል ነው፤ ተቋሙ ይጠበቃል፣ በገበያ ቀን ዕቃ ጭኖ የሚጠብቀው ነጋዴ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛው ያለገደብ መክፈል ነው፤ ይህ ደግሞ ጉድለቱን በተቋሙ ላይ ይጥላል። ሦስተኛው ገደብ ማበጀት ነው፤ መስመር በሌለበት ለአንድ ደንበኛ በቀን ከ1,000 ብር በላይ አይከፈልም ማለት ይቻላል። በዚህ ምሳሌ ባቱ ላይ 1,000፣ አዳማ ላይ 3,000 ብር ቢወጣ ጉድለት አይፈጠርም። ገደቡ ስንት ይሁን የሚለውን ፕሮግራመሩ ብቻውን ሊወስን አይችልም፤ ኪሳራውን የሚሸከመው ክፍል መወሰንና በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት።

የፋይዳ ምሳሌ

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ሲሆን ከመነሻው በማይክሮሰርቪስ መልክ የተሠራ ነው።

ሁለት የሞሲፕ ገጽታዎች ከዚህ ርዕስ ጋር ይገናኛሉ። አንደኛ፣ የመመዝገቢያው ፕሮግራም ኢንተርኔት በሌለበት መሥራት ይችላል። የተመዝጋቢው መረጃ ተመስጥሮ በመሣሪያው ላይ ይቀመጥና መስመር ሲገኝ ወደ ማዕከል ይላካል። አዲስ ምዝገባ ለሰዓታት ቢዘገይ ጉዳቱ አነስተኛ ስለሆነ እዚህ ላይ መዘግየት ተፈቅዷል። ሁለተኛ፣ የሰውን ማንነት የሚያስቀምጠው ክፍልና ማንነት የሚያረጋግጠው ክፍል የተለያዩ ናቸው። አረጋጋጩ የሚያስፈልገውን መረጃ ተመስጥሮ ወደ ራሱ ዳታቤዝ ይቀበላል፤ ባንክ ወይም ቴሌኮም ሲጠይቀው ከዚያ ይመልሳል። ስለዚህ አንድ ሰው መረጃውን ቢያሻሽል ለውጡ ወደ አረጋጋጩም መድረስ አለበት።

የስም፣ የቀንና የቦታ ጉዳዮች

ቅጂዎች የሚለያዩት በመስመር መቋረጥ ብቻ አይደለም። ዳታው ራሱ በአንድ ወጥ መልክ ካልተጻፈ ማባዛት ስህተቱንም ያባዛል። በኢትዮጵያ ተቋማት በተለይ የሚከተሉት ይታያሉ፦

የቦታ ስም። አንድ ከተማ በአሮጌው ሠንጠረዥ «ናዝሬት»፣ በአዲሱ «አዳማ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ላይ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በቁቤ የሚጻፈው ሲጨመር አንድ ቅርንጫፍ በሪፖርት ላይ አራት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቦታ የማይለወጥ ኮድ ሰጥቶ ስሞቹን በኮዱ ሥር መዘርዘር ነው።

የሰው ስም። «ኃይለ ማርያም» እና «ሃይለማርያም» ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ በስም ብቻ ማዛመድ አያስተማምንም። በሰው፣ በአባትና በአያት ስም የሚጻፈውን ወደ ስምና የቤተሰብ ስም ዓምድ ማስገባትም መደበላለቅ ያመጣል።

ቀንና ሰዓት። ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም በጳጉሜን የተወለዱ ሰዎችን የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊቀበል አይችልም። «2 ሰዓት» የሚለውም ከጠዋቱ 8 ሰዓት ይሁን ከሌሊቱ 2 ሰዓት በአጻጻፉ አይለይም። በሰርቪሶች መካከል የሚተላለፈው ጊዜ በአንድ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጠው ለሰው ሲታይ ብቻ ቢሆን ይህ ይቀራል።

ከውድቀቶች የተገኘ ትምህርት

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የደንበኞቹን ዳታ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ አዲስ ሥርዓት አዛወረ። ዳታው ተዛወረ፤ አዲሱ ሥርዓት ግን ሥራውን በአግባቡ መሸከም አልቻለም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሂሳባቸውን ማየት አቅቷቸው ነበር። ተቆጣጣሪዎች በታኅሣሥ 2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ወደ አሮጌው የሚመለስበት መንገድ ሳይኖር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዛወር ምን እንደሚያስከትል ለማስረዳት ይህ ክስተት ይጠቀሳል።

በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በደረሰው ችግር ደግሞ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። መነሻው መደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተገልጿል። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ አብዛኛውም መመለሱን አስታውቋል። ክስተቱ የሬፕሊኬሽን ስህተት ተብሎ የቀረበ አይደለም፤ ሆኖም ቀሪ ሂሳብ ሳይረጋገጥ ክፍያ ቢፈጸም ጉድለቱ በሰዓታት ውስጥ ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል ያሳያል።

ሽግግሩ የማይመከርበት ሁኔታ

ማይክሮሰርቪስ ለሁሉም ድርጅት አይስማማም። ጥቂት ቅርንጫፎችና ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ያሉት ተቋም፣ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ዳታቤዝ፣ መጠባበቂያና ክትትል ማቆም ይከብደዋል። እንዲህ ላለው ድርጅት በውስጡ በግልጽ የተከፋፈለ ሞኖሊት፣ አንድ ዋና ዳታቤዝና በሌላ ከተማ የተቀመጠ አንድ ተጠባባቂ ቅጂ በቂ ሊሆን ይችላል። ተጠባባቂውም ቢሆን በየጊዜው በእርግጥ ሥራ እንዲጀምር ተደርጎ ካልተፈተነ፣ በሚያስፈልግበት ቀን መሥራቱ አይታወቅም።

ውሳኔው የሚመዘነው ለአንድ ቀላል ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው፦ ሁለት ቅጂዎች የተለያየ ቁጥር ቢያሳዩ የሚታመነው የትኛው ነው? ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዳታ ይህን በጽሑፍ መመለስ ከቻለ ሽግግሩን ሊጀምር ይችላል። ካልቻለ ግን የሚበተነው ዳታ ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቱም ይሆናል፤ ሒሳቡ የጎደለበትም ደንበኛ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይመላለሳል።